ጋቢ የለበሰ ግድግዳ

አንድ ሰው በገዛ ክፍሉ፣ በገዛ ሌሊቱ፣ ከእርሱ በቀር ማንም በማይሰማው መንገድ ሙዚቃ ቢያዳምጥ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤቱ ደግሞ በዚያው ቀን ሬሳ ቀብሮ የተመለሰ ቢሆን፣ ሰውየው በድሏል እንላለን? ይህን ጥያቄ ለክርክር ማሟሻ ብዬ የፈጠርሁት አይደለም። ጨንቻ ውስጥ፣ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር በሆነች የኪራይ ክፍል የተነሣ፣ እኔንና አንድ ወዳጄን ሁለት ሌሊት ያከራከረ፣ እስካሁንም በስልክ የምንቀጥለው ጥያቄ ነው። የእርሱ መከራከሪያ አጭር ናት። «ማንም ካልሰማኝ ማን ተጎዳ?» ይላል። የእኔ መልስ እንደ እርሱ አጭር ሊሆንልኝ አልቻለም፤ አስቀድሞ የክፍሏን ነገር መናገር ግድ ይሆንብኛል።

ወዳጄ የፊዚክስ መምህር ነው። የሚያስተምርባት ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የጉምና የዝናብ ከተማ ናት። አባያንና ጫሞን ከበታቹ ትቶ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ የወጣ ሰው ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ውስጥ ይገባል። ምሽቱ ረጅም ነው፤ ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ወዳጄ ለዚህ ረጅም ምሽት ሲል ከደመወዙ ለዓመታት ቆጥቦ ሁለት ጥሩ ድምፅ ማጉያዎችና አንድ አምፕሊፋየር ገዛ፤ ከአዲስ አበባ አስጭኖ አመጣ፤ ከፈታቸውና አዘነ።

ያሳዘነው ዕቃው አልነበረም፤ ክፍሉ ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ስስ ነው። ድምፅ ከማጉያው ወጥቶ በቀጥታ ጆሮ ይደርሳል፤ ያው ድምፅ ግድግዳ መትቶ፣ በሰከንድ ሺሕኛ ክፍሎች ዘግይቶ፣ ዳግመኛ ይደርሳል፤ ከዚያ ከወለሉ፣ ከዚያ ከኮርኒሱ፣ ከዚያ ከጀርባ። ሁሉም ተደባልቀው የዘፋኙን ድምፅ ያደፈርሱታል። እጁን ሲያጨበጭብ ክፍሉ እንደ ባዶ ጣሳ ይንቃጨላል።

ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሦስት ሜትር ተራርቀው ትይዩ በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 57 ሄርዝ ገደማ የሆነው ሞገድ ልክ ግማሹ ይገጥምና እዚያው ቆሞ ይቀራል። ግድግዳው ጥግ ሲሆን ያገሣል፤ ክፍሉ መካከል ላይ ይሞታል። ወዳጄ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። በገዛ ቤቱ ግን ወንበሩን ግማሽ ሜትር ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቤዝ ጊታሩ ሲመጣና ሲሄድ ባየ ጊዜ፣ «ለካ እስከ ዛሬ የምሰማው ዘፋኙን አልነበረም፤ ቤቴን ኖሯል» አለኝ።

ይህች አነጋገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው፤ የወዳጄ ክፍል ሌላ ፍቺ ሰጠችው። የሌላውን ድምፅ የሰማን ሲመስለን የራሳችን ግድግዳ እየመለሰ የሚያቀርብልንን እንሰማለን። ስንት ጊዜ የሰው ንግግር ሰምተን «እንዲህ አለኝ» ያልነው፣ ሰውየው ያላለውና የእኛው ጓዳ ያስተጋባው ነገር ሆኖ ተገኝቷል?

በ1895 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዋላስ ሳቢን የተባለውን ወጣት የፊዚክስ መምህሩን አንድ የማይደመጥ አዳራሽ እንዲያስተካክል አዘዘው። አዳራሹ ፎግ በተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ከአምስት ሰከንድ በላይ ሲንሳፈፍ ይቆያል፤ ተናጋሪው ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ የመጀመሪያው ቃል ገና አልሞተም። ሳቢን ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት እየመጣ፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ ይለካ ነበር። ትራሱ በበዛ መጠን ድምፁ ቶሎ ይጠፋል። ዛሬ የዓለም መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የማስተጋባት ጊዜ ስሌት ከዚያ ትራስ የተወለደ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ታሪኩ ነው። ልኬቱ አልገጥም ብሎት ምክንያቱን ሲፈልግ የገዛ ልብሱ ሆኖ አገኘው። ልብስ ሲለውጥ አዳራሹም ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ለልኬት የሚለብሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ሆነ። አዳማጩም በሥጋውና በልብሱ ከክፍሉ ግድግዳዎች እንደ አንዱ ነው ማለት ነው።

ወዳጄ ትራስ አላስመጣም፤ ጨንቻ ነውና ጋቢ ገዛ። እርሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ መስተዋት ይዤ በግድግዳው ላይ አንሸራተትሁ። ማጉያው በመስተዋቱ ውስጥ በታየው ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ ድምፅም እንደ ብርሃን ነጥሮ ወደ ጆሮው የሚመጣው ከዚያ ነውና። ጋቢዎቹን እዚያ ሰቀለ። ከግድግዳው ጋር አላጣበቃቸውም፤ በቀጭን እንጨት ወጥሮ አራት ጣት ያህል አራቃቸው። ጨርቅ ድምፅን የሚበላው አየሩ በጥጡ መካከል ሲመላለስ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ አየሩ መላወሻ የለውም፤ ስለዚህ ትንሽ ርቀት ያስፈልገዋል። ለወፍራሙ ድምፅ ስስ ነገር አይበቃውምና በማዕዘኖቹ ጭድ የታጨቀባቸው ከረጢቶች ደረደረ። ጭድና የኤሌክትሪክ ገመድ በአንድ ክፍል ማደራቸውን አልወደድሁትም፤ ነገርሁት፤ ገመዶቹን አርቋል። ብዙ ሰው የሚያምንበትን የእንቁላል ካርቶን ግን እርሱም አልፈለገውም፤ ጥቂት ቀጭን ድምፅ ከመብላት በቀር አቧራ ሲሰበስብ የሚኖር፣ እሳት የሚወድ ዕቃ ነው።

አከራዮቹ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑት አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። አባባ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ወጥተው፣ ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ ኖረው የተመለሱ ናቸው። የሥራውን ወሬ ሰምተው መጡና ጋቢውን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «መምህር፣ ግድግዳው በረደው እንዴ?» አሉት። ቀጥለውም ድሩ የላላ መሆኑን፣ ሻጩ እንዳታለለው ነገሩት።

ውጤቱ ያስደንቅ ነበር። ዘፋኝዋ ከግድግዳው ተላቅቃ በሁለቱ ማጉያዎች መካከል ቆመች። ክራሩ ሲመታ ጣቱ ተሰማ። ዝናብ ያልጣለ ሌሊት ከሆነ ነው እንግዲህ፤ የጨንቻ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ መውረድ ሲጀምር ማንኛውም ጥበብ እጁን ይሰጣል።

በማግስቱ ወደ ዶርዜ ወረድን። በቀርከሃ የተጠለፉት፣ በቀርከሃ ልባጭና በእንሰት ቅጠል የተከደኑት፣ አዲስ ሲሆኑ እስከ 12 ሜትር የሚቆሙት ቤቶች በፎቶግራፍ የታወቁ ስለሆኑ መልካቸውን አልተርክም። ምስጥ ከሥር ሲበላቸው ከታች እየተቆረጡ ዝቅ ይላሉ፤ ሲያስፈልግም ተነሥተው በሰው ሸክም ቦታ ይቀይራሉ። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር። ገብቼ አጨበጨብሁ። ምንም አልተመለሰም። ትይዩ የቆመ ግድግዳ የለም፤ ጠፍጣፋና ጠንካራ የሆነ ፊት የለም፤ ድምፅ በቀርከሃው ጥልፍና በወፍራሙ ክዳን ውስጥ ይሰርጋል። ወዳጄ በጋቢና በጭድ ሲለፋበት የከረመውን ነገር ዶርዜዎች ሳያስቡት አግኝተውታል። ቆርቆሮና ሲሚንቶን ለመንቀፍ የምናገረው አይደለም፤ በዚያ ቤት ጢስ ውስጥ ኖሮ የማያውቅ እንግዳ ቀርከሃን ሲያሞግስ መስማት ያስጠላኛል። ነገር ግን አንድ ልብ ያልሁት አለ። በዶርዜ ቤት ውስጥ ሰውም ከብትም በአንድ ክዳን ሥር ያድራል። ሁሉም የሁሉንም ትንፋሽ ይሰማል። ለጆሮ እጅግ የተመቸው ያ ቤት ብቻውን ለሚያዳምጥ ሰው የተለየ ጓዳ የለውም።

ዘፈናቸውም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዶርዜን ኅብረ ዜማ ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። ብዙ ድምፆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ይዘው የሚጠላለፉበት፣ እንደ ቤቱ ግድግዳ የተጠለፈ ዜማ ነው። በዚያ በታከመው ክፍል ስናዳምጠው እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ፣ የት እንደ ቆመ ሳይቀር ታወቀን። ዘፋኞቹ ራሳቸው እንዲህ አድርገው ሰምተውት የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ከመካከሉ ሆነው ይዘፍኑታልና። እኛ ያተረፍነው ጥራት ነው፤ የከፈልነው ደግሞ ቦታችንን ነው። የሁለት ማጉያዎች ክፍል ትክክለኛ ወንበሩ አንድ ብቻ ነው። እኔ ስቀመጥበት እርሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ እርሱ ሲቀመጥ እኔ በር ላይ እቆማለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስደውልለት የተናደደ ሰው አገኘሁ። የራሱ ክፍል ጸጥ ስላለ ከዚያ በፊት ያልሰማውን ነገር ይሰማ ጀመር። አባባ ሌሊት ሌሊት ይስላሉ። ለወራት ሲስሉ ኖረዋል፤ የክፍሉ መንቃጨል ውጦት ነበር እንጂ። አሁን ግን ሳሉ ጥርት ብሎ፣ በሁለት ዜማዎች መካከል ባለችው ፋታ እየገባ ይደርሰዋል።

ጋቢ ለምን ሳሉን አላስቆመውም የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ የብዙ ሰው ስሕተት ነው። ክፍልን ማከምና ክፍልን መዝጋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለስላሳ ነገር በክፍሉ ውስጥ የሚንከራተተውን ድምፅ ይበላል፤ ከውጭ የሚገባውንም ሆነ ወደ ውጭ የሚወጣውን እምብዛም አያግደውም። ለማገድ ክብደት ያስፈልጋል፤ ቀዳዳ አለመኖር ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ከመጀመሪያው ግድግዳ ጋር ሳይነካካ ብቻውን የቆመ ሁለተኛ ግድግዳ ያስፈልጋል። ግድግዳውን ጋቢ አልብሶ ሙዚቃውን ከፍ የሚያደርግ ሰው ጎረቤቱን ያሳረፈ ይመስለዋል፤ ያሳረፈው ራሱን ብቻ ነው። ወዳጄ ይህን ያውቃል። ስለዚህ አጣና ገዝቶ ግቢው ውስጥ ደረደረ፤ ሁለተኛ ግድግዳ ሊያቆም።

ግድግዳው ሳይቆም አባባ ሞቱ። አጣናው የለቅሶው ዳስ ማቆሚያ ሆነ። ወዳጄ መቃብር ወረደ፤ ከሥራ ቀርቶ ዳሱ ውስጥ ዋለ፤ ወንበር ተሸከመ፤ ውኃ ቀዳ። ከጎረቤት የሚጠበቀውን አንዱንም አላጓደለም። ሌሊት ክፍሉ ገባና የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ፣ መብራቱን አጥፍቶ ሙዚቃውን ሰማ። ክርክራችን የተነሣው ይህን በነገረኝ ጊዜ ነው።

እኔ መጀመሪያ የያዝሁት ልማዱን ነበር። ጎረቤት ሲያዝን ሬዲዮ ይዘጋል፤ ይህን ሳይነግሩን ያደግንበት ነው። እርሱ ግን ልማዱን በቀላሉ አፈረሰብኝ። «ሬዲዮ የሚዘጋው ኀዘንተኛው እንዳይሰማው ነው፤ የእኔን ማን ሰማው?» አለ። ነገሩ የማዳመጥ ነውርነት ነው ብዬ እንዳልከራከር ደግሞ በገና አለ። በዐቢይ ጾም ዘፈኑ ሁሉ ሲዘጋ በገና ይከፈታል። አሥር አውታሩ በሚንዛረር ወፍራም ድምፅ፣ በዝግታ፣ ለአንድ ሰው ጸሎት የሚበቃ መሣሪያ ነው፤ ያዘነ ሰው ቤት ቢደረደር ማንም አይቆጣም። ስለዚህ የልማዱ ሕግ የድምፅ መጠን ሕግ አይደለም፤ ዴሲቤል አይለካውም። ወዳጄ ያዳመጠው ሙዚቃም የሚያሳዝን ነበር። አባባን እያሰበ እንዳዳመጠ ነግሮኛል፤ አምነዋለሁ።

እንዲህ ተሸንፌ ሳለሁ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ መጨመሩ የቅን ሰው ሥራ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፍቶ ነበር። ያደሩት ዘመዶች ደክሟቸው ተኝተዋል። እማማ ሻማ ፈልገው ግድግዳውን መቱት። ያ ግድግዳ ለዓመታት የሁለቱ ቤቶች ደወል ነበር፤ «ቡና ፈልቷል»፣ «ኧረ ዝናብ መጣ፣ ልብስህን አስገባ» የሚባለው በእርሱ ነው። ያን ሌሊት የጆሮ ማዳመጫው ከስልኩ ጋር ነበርና መብራቱ መጥፋቱን እንኳ አላወቀም። በሦስተኛው ቀን እማማ፣ «መታሁት፤ ደክሞህ ተኝተሃል መሰለኝ» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሻማውንም የልጅ ልጃቸው አግኝታላቸዋለች። ጉዳት ተብሎ የሚመዘገብ ነገር የለም።

እኔ ግን የጥያቄውን ቁልፍ እዚህ አገኘሁት። በለቅሶ ጊዜ ሬዲዮ የሚዘጋው ለኀዘንተኛው ጆሮ ብቻ አይመስለኝም፤ ለጎረቤቱም ጆሮ ነው። ዝም የምንለው ቢጠሩን እንድንሰማ ነው። ቋንቋችን ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። ኀዘን «ተሰማኝ» እንላለን፤ «የተሰማንን ጥልቅ ኀዘን እንገልጻለን» ብለን በጋዜጣ እናሳውጃለን፤ ስሜትም ከመስማት የወጣ ቃል ነው። ጎረቤት ያለበት ዕዳ አለመሰማት ቢሆን ወዳጄ ከፍሎታል። ዕዳው መስማት ከሆነ ግን በዚያች ሌሊት አልከፈለም።

እርሱ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። «ተኝቼ ቢሆንስ? የተኛ ሰው በደለኛ ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንቅልፍ ሁላችንም የምንገባበት፣ ግድግዳ ሲመታ የሚወጡበት ቤት ነው፤ እማማም የመቱት የተኛ ይነቃል ብለው ነው። እርሱ ግን ነቅቶ፣ ከእንቅልፍ የጠለቀ ቦታ ገብቶ ነበር። «ታዲያ ሰው ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ሲጠብቅ ይኑር?» አለ። ዕድሜ ልኩን አላልሁም። ሦስት ሌሊት ነው ያልሁት።

ጋሞዎች ዱቡሻ የሚሉት የሸንጎ ሜዳ አላቸው። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለምና የሚያስተጋባ የለም፤ ተናጋሪውን የሚያግዝ ጣሪያም የለም። የአንዱ ሽማግሌ ቃል ለሁሉ የሚደርሰው ሌሎቹ ዝም ካሉ ብቻ ነው። የዚያ ሜዳ አኩስቲክስ የሰው ዝምታ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩ ግድያ ወሬ አርባ ምንጭ ደርሶ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው እንደመለሱት አገር ያውቃል። ስለ ሣሩ ብዙ ተብሏል። እኔ የምደነቀው ያ ሁሉ የተቆጣ ወጣት በራሱ ጩኸት መካከል ሊሰማቸው በመቻሉ ነው። ሳቢን ልብሱ ከአዳራሹ ክፍል እንደ ሆነ ደርሶበታል፤ የዱቡሻ ሰው ደግሞ ራሱ የሌላው ሰው አዳራሽ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ይማራል።

ይህን ሁሉ ለአዲስ አበባ ሰው ብነግረው ይስቅብኛል፤ መብቱ ነው። በቀጭን ብሎኬት ተለያይቶ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከታች ጭፈራ ቤት፣ ከጎን ብየዳ ቤት፣ ከላይ የሚጎተት ወንበር አለበት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ወሰን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህ ወሰን ሲከበር ሰምቼ አላውቅም። ሁሉን እንዲሰማ የተገደደ ሰው መጨረሻ ላይ አንዱንም አይሰማም፤ እንዲህ ያለው ሰው ሁለተኛ ግድግዳ ቢያቆም አልወቅሰውም። ብቻ ሲያቆመው ማጉያውም ሳሉም አብረው እንደሚዘጉበት ይወቀው። ግድግዳ የሚጠራንን ከሚያደነቁረን አይለይም።

ስለዚህ የወዳጄን ጋቢና ጭድ አንድ ሳልቀንስ አጸድቃለሁ። የገዛ ክፍሉን ማስተጋባት ስለቀነሰ ዘፋኞቹን በትክክል ሰማ፤ በዚያው ምክንያት ሽማግሌውን ሰማ። ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ መውሰድ አልተቻለውም፤ መቻልም የነበረበት አይመስለኝም። የጆሮ ማዳመጫውንም ቢሆን ክፉ ዕቃ ነው አልልም። አባባ ሲስሉ በከረሙባቸው ወራት እርሱ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እንዴት አደሩ?» ይላቸው እንደ ነበር፣ እርሳቸውም «ደኅና» ይሉት እንደ ነበር ነግሮኛል። ሳሉን ከሰማ በኋላ ነው ጤና ጣቢያ የወሰዳቸው። ንዴቱ ሦስት ቀን አልቆየም ነበር።

እማማ አሁን አርባ ምንጭ ልጃቸው ዘንድ ወርደዋል። ከግድግዳው ማዶ ያለውን ክፍል አንድ ወጣት ተከራይቶታል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ይከፍታል፤ ቤዙ ጭዱን አልፎ ወንበሩን ያንቀጠቅጠዋል። ዳሱ ሲፈርስ አጣናው ተመልሶ በረንዳው ላይ ተደርድሯል። ወዳጄ ባለፈው ሳምንት ደውሎ፣ «እሱንስ የመስማት ዕዳ አለብኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ስሙን ታውቀዋለህ ወይ አልሁት። አላወቀውም። እንግዲያስ ግድግዳውን ከመደረብህ በፊት በሩን አንኳኳ አልሁት። አንኳኩቶ እንደሆነ ገና አልነገረኝም።